ኤድጋር ኮድ፤ ከጦር አውሮፕላን እስከ ዕድራችን መዝገብ

የታዋቂ ሰዎች ሕይወት ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የምናነበው ስለ አርበኛ፣ ስለ ዘፋኝ ወይም ስለ ሯጭ ነው። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት የአንድ የሒሳብ ሰው ታሪክ ነው። ኤድጋር ፍራንክ ኮድ ይባላል፤ ወዳጆቹ ቴድ ይሉት ነበር። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ስሙ ከኮምፒውተሩ ኮድ ጋር አንድ ይሆንና ያስቃል፤ በእንግሊዝኛው ግን ሁለት ዲ አለው፣ ዝምድናም የላቸውም። ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከባንክ ገንዘብ ስታወጡ፣ ኮሌጅ ስትመዘገቡ፣ ወደ አዲስ አበባ ትኬት ስትቆርጡ የእሱ ሐሳብ ከጀርባ እየሠራ ነው። እኔ ግን የተዋወቅሁት በዚህ መንገድ አይደለም። በኀፍረት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦክላንድ ውስጥ ወላጆቼ አባል የሆኑበት አንድ ዕድር አለ። ኮሌጅ እንደገባሁ፣ ልጅቷ ኮምፒውተር ትማራለች ተብሎ የአባላቱ መዝገብ ተሰጠኝ። መዝገቡ ኤክሴል ነው። አንድ ገጽ ለስልክ፣ አንድ ገጽ ለወርሃዊ ክፍያ፣ አንድ ገጽ ለአድራሻ፣ አንድ ደግሞ ማን እንደጻፈው የማይታወቅ፣ ማንም ለማጥፋት የማይደፍረው ገጽ። የእያንዳንዱ ሰው ስምና ስልክ በየገጹ ተደጋግሞ ሰፍሯል። አንዲት እናት፣ እዚህ እትዬ ብቻ እላቸዋለሁ፣ ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ ልጃቸው ዘንድ ሲዛወሩ አዲሱን ስልካቸውን ደውለው ነገሩኝ። እኔም ክፍያው ገጽ ላይ አስተካከልኩና ኮምፒውተሩን ዘጋሁ። ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ የእትዬ የረጅም ዘመን ጓደኛ አረፉ። ዕድሩ የሚደውለው የስልኩን ገጽ አይቶ ነው፤ እዚያ ላይ ያለው የድሮው ቁጥር ነው። እትዬ መርዶውን የሰሙት ከቀብር በኋላ፣ ገበያ ላይ ካገኟቸው ሰው ነው። ይህ ሳያንስ፣ አድራሻው ገጽ ላይ በአባታቸው ስም፣ ክፍያው ገጽ ላይ ደግሞ በአሜሪካ ወረቀታቸው ላይ ባለው በባለቤታቸው ስም ተጽፈው ስለነበር፣ ሁለት ሰው መስለው አንደኛዋ ውዝፍ አለባት ተብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ለቅሶ ቤት ሲመጡ እኔን አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን ለአንድ መምህሬ ስነግረው አልገረመውም። በሽታው የታወቀ እንደሆነ፣ መድኃኒቱም የተገኘው እዚሁ ሳን ሆዜ ውስጥ እንደሆነ ነግሮኝ በ1970 የታተመ አሥራ አንድ ገጽ ጽሑፍ ላከልኝ። ደራሲው ቴድ ኮድ ነበር። ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ግማሽ ግን ስለ ሰውዬው እንድፈልግ አደረገኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮድ የተወለደው በኦገስት 1923 በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ ፖርትላንድ በምትባል ደሴት ነው። አባቱ በቆዳ ሥራ ይተዳደሩ ነበር፤ እናቱ አስተማሪ ነበሩ። ሰባት ልጆች ባሉበት ቤት የመጨረሻው እሱ ነው። ትምህርት ላይ ጎበዝ ስለነበር ሙሉ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ኦክስፎርድ ገባ፤ መጀመሪያ ኬሚስትሪ ጀመረ። ጦርነቱ መጣ። ተማሪ በመሆኑ ከውትድርና መቅረት ይችል ነበር፤ እሱ ግን በ1942 በፈቃዱ ለንጉሣዊው አየር ኃይል ተመዘገበና ውኃ ላይ የሚያርፉትን ትልልቅ የሰንደርላንድ አውሮፕላኖች አበረረ። ከጦርነቱ ሲመለስ ኬሚስትሪውን ትቶ ሒሳብ ተማረ፤ በ1948 ተመረቀ።

በዚያው ዓመት አሜሪካ ገባ። የመጀመሪያ ሥራው ምን ይመስላችኋል? ኒው ዮርክ ውስጥ ሜሲስ በሚባለው ትልቅ ሱቅ የወንዶች ልብስ ሻጭ። ከኦክስፎርድ በሒሳብ የተመረቀ፣ ጦር ሜዳ የዋለ አብራሪ ሸሚዝ ያጥፍ ነበር። በዲግሪው ታክሲ ሲነዳ የኖረ አጎት ያለን ልጆች ይህ አዲስ አይሆንብንም። እዚያ ግን ብዙ አልቆየም። ኖክስቪል ሄዶ በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ለጥቂት ጊዜ አስተማረ፤ በ1949 አይቢኤም ቀጠረው። የተመደበው የኩባንያው ግዙፍ ማስሊያ ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ ማንሃተን ውስጥ መንገደኛ በመስኮት እያየው እንዲያልፍ ተብሎ ከመንገዱ ዳር የተተከለ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው ምዕራፍ ስለ ጠባዩ ብዙ ስለሚናገር ልቆይበት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ኮሚኒስት ፍለጋ እያለ ሰውን በሐሜት ከሥራ የሚያስባርርበት ዘመን ነበር። ነገሩ ኮድን አስጠላው፤ በ1953 ጓዙን ጠቅልሎ ካናዳ፣ ኦታዋ ገባ። ከእንግሊዝ ተሰዶ አሜሪካ፣ ከአሜሪካ ተሰዶ ካናዳ ማለት ነው። ወደ አሜሪካና ወደ አይቢኤም የተመለሰው በ1957 ነው። ሰዎች ስለ እሱ ሲጽፉ ግትር ይሉታል። እኔ ይህን ምዕራፍ ካነበብኩ በኋላ ግትርነቱን ከኋላው ታሪክ ለይቼ ማየት አቃተኝ።

ከተመለሰ በኋላ ስትሬች በሚባለው ኮምፒውተር ላይ፣ አንድ ማሽን በአንድ ጊዜ ብዙ ፕሮግራም እንዲያስተናግድ በሚያደርገው ሥራ ላይ ተሰማራ። ከዚያ አይቢኤም ወጪውን ችሎት ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ዶክትሬቱን ሲቀበል 1965 ነበር፣ ዕድሜው ከአርባ አልፏል። የመመረቂያ ጥናቱ ራሳቸውን ስለሚያባዙ ማሽኖች ነው። ጆን ቮን ኖይማን የሚባለው ታላቅ የሒሳብ ሰው እንዲህ ያለውን ማሽን በወረቀት ላይ ሲነድፍ ለእያንዳንዷ ሕዋስ 29 ሁኔታ አስፈልጎት ነበር፤ ኮድ ስምንት እንደሚበቃ አሳየ። ይህችን ልብ በሉልኝ። ሌላው የተሸከመውን አይቶ፣ ስንቱን ብናራግፍ ይሻላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር።

በ1960ዎቹ መጨረሻ አይቢኤም ሳን ሆዜ ወዳለው የምርምር ጣቢያው አዛወረው። ሳን ሆዜ የምትኖሩ በኮትል መንገድ በኩል ስታልፉ ያ ሰፊ ግቢ የት እንደነበር ትገምቱ ይሆናል። የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ በ1959 አሜሪካን ሲጎበኙ ይህንኑ ግቢ ማየታቸው፣ ከኮምፒውተሮቹ ይልቅ ሠራተኛው ትሪውን ይዞ የሚሰለፍበት ምግብ ቤት እንደማረካቸው ይነገራል። ከዚያም በፊት፣ በ1956፣ እዚያው ሳን ሆዜ ውስጥ አይቢኤም የመጀመሪያውን ለገበያ የቀረበ ዲስክ ሠርቷል። ሃምሳ ትልልቅ ሳህን ተደራርቦ አምስት ሚሊዮን ያህል ፊደል ይይዝ ነበር፤ ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ እንኳ ሊበልጠው ይችላል። ዲስክ ከመምጣቱ በፊት መረጃ በቴፕ ላይ ስለሚቀመጥ መሐል ያለውን ለማግኘት ከመጀመሪያው ማጠንጠን ነበረባችሁ። ዲስክ ግን በቀጥታ ወደምትፈልጉት ቦታ ይወስዳችኋል፤ ቦታውን ካወቃችሁ።

ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ኮድ ሳን ሆዜ ሲደርስ የነበሩት የመረጃ ቋቶች እንደ ድሮ ቀበሌ መዝገብ ቤት ነበሩ ማለት ይቻላል። የቀበሌ ፋይል በቤት ቁጥር ይደረደራል እንበል። ቤት ቁጥር ሰጥታችሁ የቤተሰቡን ስም ብትጠይቁ መዝገብ ያዡ ወዲያው ያወጣላችኋል። በዚህ ቀበሌ ስንት ወላድ እናት አለች ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ፋይሉን ሁሉ አንድ በአንድ መግለጥ አለበት። አደራደሩን ከቤት ቁጥር ወደ ስም ብትቀይሩት ደግሞ የድሮውን መንገድ በቃሉ የያዘው ሰውዬ ይጠፋበታል። የአይቢኤም አይኤምኤስ የሚባለው ሶፍትዌር እንዲህ ያለ ነበር። ጨረቃ ላይ ሰው ያወጣውን የአፖሎን ሮኬት ዕቃ ለመዝገብ ተብሎ የተሠራ፣ ጠንካራና ፈጣን፣ ነገር ግን መረጃው እንደ ዛፍ ከግንድ ወደ ቅርንጫፍ የሚወርድበት። አንድ ጥያቄ ለመመለስ ፕሮግራም ጸሐፊው መንገዱን ደረጃ በደረጃ ማወቅ ነበረበት። አደራደሩ ሲቀየር ፕሮግራሙ ይሰበራል።

ኮድ ይህን አይቶ ከሒሳብ የወሰደው ሐሳብ ዛሬ ሲነገር ቀላል ነው። መረጃውን ሁሉ በሠንጠረዥ አስቀምጡት፤ የት ዲስክ ላይ እንዳለ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደተደረደረ ተጠቃሚው አይወቀው። ማሽኑ ይጨነቅበት። ተጠቃሚው የሚፈልገውን ብቻ ይናገር። ይህን በመጀመሪያ በ1969 ለአይቢኤም የውስጥ ሪፖርት አድርጎ ጻፈው፤ በጁን 1970፣ በእኛ ዘመን 1962 መሆኑ ነው፣ ኮሙኒኬሽንስ ኦቭ ዘ ኤሲኤም በሚባለው መጽሔት ወጣ። መምህሬ የላከልኝ አሥራ አንድ ገጽ ይህ ነው። ደራሲው ያኔ 46 ዓመቱ ነበር።

እስቲ ቃላቱን በዕድራችን ላይ እንሞክራቸው፤ እኔ የተማርኩት እንደዚያ ነውና። ሠንጠረዥ ስለ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ይናገራል። አባላት አንድ ሠንጠረዥ፣ ክፍያዎች ሌላ ሠንጠረዥ። በአባላቱ ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሰው ነው፤ እያንዳንዱ ዓምድ ስለዚያ ሰው አንድ ነገር ይነግረናል፦ ስም፣ የአባት ስም፣ ስልክ፣ ከተማ። አንድ ሣጥን ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይገባል። እኛ ግን አንዱ ሣጥን ውስጥ የባልን ስልክ፣ የሚስትን ስልክ፣ ከሥራ በኋላ ይደወል የሚል ማሳሰቢያ ጭምር አጭቀን ነበር። ኮድ ይህን ይከለክላል። ደግሞም ለረድፎቹ ቅደም ተከተል ትርጉም አይሰጥም፤ አንድ ረድፍ ሁለት ጊዜ እንዲገኝም አይፈቅድም። እኔ ከድሮ ጀምሮ ሪሌሽናል የሚባለው ሠንጠረዦቹ እርስ በርስ ስለሚዛመዱ ይመስለኝ ነበር፤ ብዙ ሰውም እንደዚያ ያስተምራል። አይደለም። ሪሌሽን በሒሳብ ቋንቋ ራሱ ሠንጠረዡ ነው፤ ስሙ የመጣው ከዚያ ነው።

ቀጥሎ ቁልፍ አለ። እያንዳንዱን ረድፍ ከሌላው የሚለይ፣ የማይደገም፣ ባዶ የማይሆን ነገር ዋና ቁልፍ ይባላል። ለእኛ ሀበሾች እዚህ ላይ መከራ አለ። ስም ቁልፍ ይሁን ብትሉ፣ ስንት አበበ ከበደ አለ? ኃይሉ በሃሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ፣ በብዙኃኑ ኀ ይጻፋል፤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ደግሞ እንደ ጸሐፊው ጆሮ ነው። የአባት ስም በአሜሪካ ወረቀት ላይ የቤተሰብ ስም ይሆናል፣ ከዚያም ልጆቹ በአያታቸው ስም ይጠራሉ። ስልክም ቁልፍ አይሆንም፤ የእትዬን ጉዳይ አይታችኋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አባል ትርጉም የሌለው፣ የማይቀየር አንድ ቁጥር ትሰጣላችሁ። ሰውን በቁጥር መጥራት ደስ አይልም፤ ጸሐፊያችን ጋሼ መጀመሪያ ስነግራቸው የእስረኛ መዝገብ ልታደርጊው ነው ወይ ብለው ተቆጥተውኛል። ቁጥሩን የሚያየው ማሽኑ ብቻ መሆኑን ሳስረዳቸው ነው የቀለላቸው።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ የክፍያው ሠንጠረዥ ስም አያስፈልገውም። የአባሉን ቁጥር፣ ቀኑንና የገንዘቡን መጠን ብቻ ይይዛል። ያ በሌላ ሠንጠረዥ ቤት የተቀመጠ ቁጥር የውጭ ቁልፍ ይባላል። በሌለ ቁጥር ክፍያ ልመዝግብ ብትሉ ሶፍትዌሩ እምቢ ይላል። የእትዬ ስልክ ያለው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ እሱ ሲቀየር በሁሉም ይቀየራል፣ ሌላ ቦታ ቀድሞውኑ የለምና። አንድን ነገር አንድ ቦታ ብቻ እንዲቀመጥ እያደረጉ ሠንጠረዥን የመከፋፈሉ ሥራ ኖርማላይዜሽን ይባላል፤ ኮድ የመጀመሪያውን ደረጃ በ1970፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በ1971 አስቀመጠ። መምህሬ የታወቀ ያለው በሽታ፣ አንዱን ገጽ አስተካክሎ ሌላውን መርሳት፣ በዚህ ምርምር ውስጥ ስም ተሰጥቶት ቁጭ ብሏል። እኔ ያንን ምሽት ባነበው ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ኮድ ይህን ሲያቀርብ አይቢኤም እልል ብሎ የተቀበለው እንዳይመስላችሁ። ኩባንያው ገንዘብ የሚያገኘው ከአይኤምኤስ ነበር፤ የራሱ ሠራተኛ ተነስቶ መንገዱ ተሳስቷል ሲል ማን ይወዳል? ሌሎችም ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል፣ በማሽን ላይ ግን ይንቀራፈፋል አሉ። ኮድ ዝም አላለም። ሐሳቡን ለአይቢኤም ደንበኞች ጭምር እየወሰደ አሳየ፤ ደንበኞቹ ደግሞ ኩባንያውን ይወተውቱ ጀመር። በ1974 አን አርበር፣ ዶክትሬቱን በተማረባት ከተማ፣ ከቻርልስ ባክማን ጋር በባለሙያዎች ፊት ተከራከረ። ባክማን ቀላል ሰው አልነበረም። ፕሮግራም ጸሐፊውን እንደ መርከበኛ መረጃው ውስጥ እየቀዘፈ የሚሄድ አድርጎ ያየ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በፊት የኮምፒውተር ሳይንስን ትልቁን ሽልማት፣ ቱሪንግን፣ ያገኘውም በዚሁ ሥራው ነው። የሚገርመው ቀድሞ አብራሪ የነበረው ኮድ መቅዘፍ ይቅር ባይ መሆኑ ነው።

በዚያን ሰሞን ሳን ሆዜ ውስጥ ሲስተም አር የሚባል የሙከራ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ይህን ሥራ የመራው ኮድ አይደለም፤ ሌሎች ናቸው። ከመካከላቸው ዶን ቻምበርሊን የሚባለው ወጣት፣ ኮድ ለብዙ ገጽ ፕሮግራም የሚሆን ጥያቄን በአንድ መስመር ሲጽፈው ያየበትን ቀን እንደ መገለጥ ያነሳዋል። የኮድ መስመር ግን በሒሳብ ምልክት የታጨቀ ነበር፤ ተራ ሰው አያነበውም። ቻምበርሊንና ጓደኛው ሬይመንድ ቦይስ ያንኑ በተራ እንግሊዝኛ ቃል የሚጻፍ አደረጉትና ሲክዌል አሉት። ቦይስ በዚያው ዓመት፣ በ1974፣ በወጣትነቱ በድንገት ሞተ። ስሙ በአንድ የእንግሊዝ የአውሮፕላን ኩባንያ የንግድ ምልክት የተያዘ ሆኖ በመገኘቱ አጠረና ዛሬ የምናውቀው ኤስኪውኤል ሆነ። ፓትሪሻ ሴሊንጀር የምትባል ተመራማሪ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ከብዙ መንገድ ርካሹን እንዲመርጥ የሚያደርገውን ክፍል ሠራች። ይንቀራፈፋል ለሚሉት መልሱ ይህ ነበር።

ከኦክላንድ አጠገብ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ፣ ማይክል ስቶንብሬከርና ዩጂን ዎንግ የኮድን ጽሑፍ አንብበው ኢንግረስ የሚባለውን ሠሩ። በ1977 ሳንታ ክላራ ላይ ሦስት ሰዎች ትንሽ ኩባንያ አቋቋሙ፤ አይቢኤም ያሳተማቸውን ጽሑፎች አንብበው አይቢኤምን ቀድመው በ1979 ገበያ ወጡ። ያ ኩባንያ ኦራክል ነው። አይቢኤም የራሱን ለደንበኛ ያቀረበው በ1981 ነው፤ ዋናው ዲቢ2 የመጣው በ1983። ሐሳቡ የተወለደበት ቤት ለድግሱ ዘገየ። ኮድ ራሱ በ1981 ቱሪንግን ተሸለመ፤ በ1984 ከአይቢኤም ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ኮድ ትንሽ የሚያሳዝን፣ ትንሽም የሚያስቅ ነው። ሁሉም ሶፍትዌር ሻጭ ሣጥኑ ላይ ሪሌሽናል ብሎ መለጠፍ ጀመረ። ኮድ ተናደደና በ1985 ኮምፒውተርወርልድ ላይ አሥራ ሁለቱ ሕጎች በሚል የሚታወቁትን አወጣ፤ ቁጥራቸው ከዜሮ ስለሚጀምር በእውነቱ አሥራ ሦስት ናቸው። ሕጎቹን ሙሉ በሙሉ ያሟላ ሶፍትዌር ያኔ አልነበረም። በኤስኪውኤልም ላይ ቅሬታ ነበረው፤ የተደጋገመ ረድፍ ይፈቅዳልና። ልጁ አድጎ በዓለም ሲነግሥ አባት ጠባዩ ተበላሽቷል እያለ የሚያማርር ዓይነት። በእኔ አስተያየት በብዙው ልክ ነበር። በ1993 ግን አንድ ሶፍትዌር ሻጭ ወጪውን የሸፈነውን ጽሑፍ በስሙ አወጣና ስሙን የሚያጎድፍ ትችት አተረፈ። ሰው ነው።

ከሕጎቹ አንዱ ባዶን ይመለከታል፤ በሙያው ቋንቋ ነል ይባላል። የማይታወቅ ነገር ዜሮ አይደለም፤ ባዶ ፊደልም አይደለም። አይታወቅም ማለት ነው፤ ማሽኑም ይህን ለይቶ መያዝ አለበት ይላል ኮድ። ምን ልዩነት አለው ብላችሁ ከሆነ የልደት ቀን ያለበትን የእኛን መዝገብ ላሳያችሁ። የአባሎቻችን ብዙዎቹ የተወለዱት ጃንዋሪ 1 ነው! በስደት ሲመጡ ቀኑ አልታወቀም፤ ቅጹ ባዶ አይቀበልም፤ የሞላው ሰው የዓመቱን መጀመሪያ ቀን ጻፈና ዕድሜ ልክ ተከተላቸው። አንድ ቅጽ ላይ አይታወቅም የሚል ቦታ ቢኖር ኖሮ ስንት እናትና አባት የፈረንጆች አዲስ ዓመት ላይ ልደት ባላከበሩ ነበር።

እኛ ቤት ውስጥ የምንጠቀምባቸው እንደ ማይክሮሶፍት አክሰስ ያሉት የኮምፒውተር የመረጃ ቋቶች የዚህ ሁሉ የልጅ ልጆች ናቸው። አክሰስ የወጣው በ1992 መጨረሻ ነው። በዓምድ በዓምድ እየሞላችሁ ጥያቄ የምታዘጋጁበት ሰሌዳ እንኳ የመጣው ሞሼ ዝሉፍ የሚባል ሌላ የአይቢኤም ተመራማሪ በ1970ዎቹ ካሰበው ነው። ዕድራችን ለፈቃድ የሚከፍለው ስለሌለው እኔ የያዝኩት በነፃ የሚገኘውን ሊብሬኦፊስ ቤዝን ነው። ውስጡ አራት ነገር ታገኛላችሁ። ሠንጠረዦቹን ነግሬያችኋለሁ። መጠይቅ ማለት የምትፈልጉትን ተናግራችሁ ማሽኑ የሚያመጣበት ነው፤ ሳን ሆዜ የሚኖሩ፣ ሦስት ወር ያልከፈሉ ብትሉት ሁለቱን ሠንጠረዥ በቁልፋቸው አጋጥሞ ያወጣል። ቅጽ ደግሞ ሠንጠረዡን ሳይነኩ የሚሞሉበት መስኮት ነው፤ ጋሼ የሚያዩት እሱን ብቻ ነው። ሪፖርት ለማተም ነው። አንድ ምክር ብቻ፦ ስልክን ቁጥር ነው ብላችሁ አታስመዝግቡት፣ ጽሑፍ ነው በሉት። ያለበለዚያ የአዲስ አበባው ስልክ ፊት ያለችው ዜሮ ትወድቅባችኋለች። የአራት ቤተሰብ ስልክ ካበላሸሁ በኋላ የተማርኩት ነው።

ኮድ አይቢኤም ውስጥ የሥራ ባልደረባው ከነበረችው ከሻረን ዋይንበርግ ጋር በ1990 ተጋባ፤ ከመጀመሪያ ትዳሩ አራት ልጆች ነበሩት። የመጨረሻ ዘመኑን ፍሎሪዳ ኖረ። በኤፕሪል 18፣ 2003 በልብ ድካም በ79 ዓመቱ አረፈ። በቀጣዩ ዓመት የመረጃ ቋት ተመራማሪዎች ማኅበር ትልቁን የፈጠራ ሽልማቱን በስሙ ሰየመው።

ወደ ዕድራችን ልመለስ። አዲሱን መዝገብ መሥራቱ ሁለት ቀን ነው የፈጀው። የድሮውን ማጥራት ግን ሁለት ወር። ሶፍትዌሩ በአባቷ ስምና በባሏ ስም የተጻፈችው አንድ ሴት መሆኗን ከየት ያውቃል? ያወቁት ጋሼ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካለች ቡና ቤት ተቀምጠን፣ እኔ ስም ሳነብ እሳቸው ይቺ የእገሌ እህት፣ ይህ ሞቷል፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ናቸው እያሉ ቀይ እስክሪብቶ ያሰምሩ ነበር። ከገጾቹ ያ ማንም የማይነካው ገጽ ምን እንደሆነም ያኔ ታወቀ። ዕድሩ ሲቋቋም ገንዘብ ያዋጡ የመጀመሪያዎቹ አባላት ዝርዝር ነው። አልሰረዝኩትም፤ የራሱን ሠንጠረዥ ሰጠሁት።

የእትዬ ሁለቱ ረድፎች አንድ ሲሆኑ ውዝፉ ጠፋ፤ እንዲያውም ሁለት ወር ቀድመው ከፍለው ተገኙ። ዕድሩ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈላቸው። እኔ ደብዳቤ በቂ ስላልመሰለኝ ባርት ተሳፍሬ ሳን ሆዜ ድረስ ሄድኩና ጥፋቱ የማን እንደነበር ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የጓደኛቸውን ፎቶ ከሳጥን አውጥተው አሳዩኝ፤ ሁለቱም በወጣትነታቸው፣ ፒያሳ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው።

ዘንድሮ ስልካቸውን እንደገና ቀየሩ። አንድ ቦታ ላይ አስተካከልኩ፤ የጥሪ ዝርዝሩን አትሜ አየሁት፣ አዲሱ ቁጥር አለ። ለማንኛውም ብዬ በዚያው ቁጥር ደወልኩ። ቡና እያፈሉ ነበርና ሦስተኛው ሳይወርድ እንድደርስ ነገሩኝ።